ምትክ ኒኮቲን

ሲጋራ ለማቆም የሚወሰዱት የኒኮቲን ማስቲካና ቆዳ ላይ የሚለጠፈው ፕላስተር በሕክምናው ዓለም የወል ስም አላቸው። ስሙ ቃል በቃል ሲመለስ «የኒኮቲን ምትክ» ይሆናል። ይህ አማርኛ ያሳስታል። «የስኳር ምትክ» ሲባል ስኳር የሌለበት ነገር ነው የሚታሰበን፤ «የኒኮቲን ምትክ» የሚለውን የሰማ ሰውም ኒኮቲን የለበትም ብሎ ቢወስደው አይፈረድበትም። ማስቲካው ውስጥ ያለው ግን ራሱ ኒኮቲን ነው፤ የሚተካው ሲጋራው ነው። ስለዚህ እኔ «ምትክ ኒኮቲን» እላለሁ፦ በሲጋራ ፈንታ የሚወሰድ ኒኮቲን።

በዚህ አጠራር የምጸናው ሱስ የሚያስይዘውንና የሚገድለውን ለይቶ ስለሚያሳይ ነው። የሚያስረው ኒኮቲኑ ነው፤ ሳንባና ልብን የሚጎዳው በአብዛኛው ትምባሆው ሲቃጠል የሚወጣው ጭስ ነው። ኒኮቲኑን ለጥቂት ወራት ያለ ጭስ ያገኘ ሰው ሀራራው ይበርድለታል፤ በዚያ ፋታ እጁና አፉ የለመዱትን ይተዋል።

ሐሳቡ የመጣው ከስዊድን ነው። በሰርጓጅ መርከብ ውስጥ ማጨስ ስለማይቻል መርከበኞቹ ትምባሆውን አፋቸው ውስጥ ይይዙት ነበር። ይህን ያስተዋለው ክላስ ሉንድግሬን እ.ኤ.አ. በ1967 በሄልሲንግቦርግ የመድኃኒት ተመራማሪ ለነበረው ለኡቬ ፈርኖ ጻፈለት፤ ማስቲካው የተወለደው ከዚያ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ማስቲካውንም ፕላስተሩንም በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ አስገብቷቸዋል።

ፕላስተሩ ቀኑን ሙሉ ኒኮቲን በዝግታ ይሰጣል፤ ማስቲካው ድንገት ለሚነሳ ሀራራ ነው። ሁለቱን አጣምሮ መጠቀም አንዱን ብቻ ከመያዝ ይበልጥ ይረዳል። ከእንቅልፉ በነቃ በ30 ደቂቃ ውስጥ የሚለኩስ ሰው ባለ 4 ሚሊግራሙን ማስቲካ ይወስዳል፣ ዘግይቶ የሚለኩስ ባለ 2 ሚሊግራሙን። ነፍሰ ጡርና የልብ ሕመምተኛ አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ።

«ማስቲካ» የሚለው ስምም መዘዝ አለው፤ ሰው እንደ ተራ ማስቲካ ያላምጠዋል። ያኔ ኒኮቲኑ ከምራቅ ጋር ወደ ሆድ ይወርድና ስቅታና ቃር ያመጣል፤ ሀራራው ግን እዚያው ነው። አያያዙ ሌላ ነው። ቀስ ብለው ያኝኩታል፤ እንደ በርበሬ ቆንጠጥ የሚያደርግ ጣዕም ሲመጣ ያቆሙና በድድና በጉንጭ መካከል ሸጎጥ ያደርጉታል። ጣዕሙ ሲጠፋ እንደገና ያኝኩታል፤ እንዲህ እያሉ ግማሽ ሰዓት ያህል። ኒኮቲኑ በጉንጭ በኩል ወደ ደም ይሰርጋል።

ለእኛ ከባዱ ቡናው ነው። ከአቦሉ ጋር የሚለኮሰውን ሲጋራ መተው የቱን ያህል እንደሚከብድ የሞከረ ያውቀዋል፤ ማስቲካውንም ከስኒው ጋር ልያዝ ቢሉ አይሆንም። ቡና አሲድነት ስላለው ኒኮቲኑ በጉንጭ እንዳይሰርግ ያግደዋል። ማስቲካው ከመያዙ 15 ደቂቃ በፊት ጀምሮ እስኪያበቃ ድረስ ቡናም ለስላሳም አይቀመስም። መላው ቀደም ማለት ነው። ቡናው ሲታጠብ ማስቲካውን ይያዙ፤ ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ ጀበናው እስኪንተከተክ ግማሽ ሰዓቱ ይሞላል።