ቅቤው በአርባ ድርሃም

 

በቅርቡ ከጁሙዓ በኋላ እዚሁ መካኒሳ አንዲት እህት ጠየቀችኝ። «ሸኽ፣ ጤፉን ከሩዝና ከበቆሎ ጋር ደባልቄ ነው የምጋግረው። ዘይትም የምገዛው በትንሽ በትንሹ ነው። ምን አቀርባለሁ ብዬ ስለማፍር ጎረቤት ቡና መጥራት ተውኩ። ወንጀል ይሆንብኛል?» አለችኝ። ጥያቄዋ የብዙዎቻችን ቤት ጥያቄ ነውና ዛሬ ታሪክን እንጠይቅላት።

እናቶቻችን የቀበሌ ሱቅን ያስታውሳሉ። ቀበሌዎች በ1967 ከተቋቋሙ በኋላ ስኳሩም፣ ዘይቱም፣ ሳሙናውም በኩፖን ይታደል ነበር። በ1968 የተቋቋመው የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅትም የገበሬውን እህል መንግሥት በቆረጠው ዋጋ ይገዛ ነበር። ዋጋው ርካሽ ነው፤ እቃው ግን ሰልፉ ሳያልቅ ያልቃል። በየካቲት 1982 ቅይጥ ኢኮኖሚ ከታወጀ ወዲህ ገበያው ተከፈተ፤ ሱቁ ሞላ፤ ዋጋው ግን ከእጅ ራቀ። በታህሳስ 2003 በዘይት፣ በስኳር፣ በዳቦና በሥጋ ላይ የዋጋ ጣሪያ ሲወጣ ደግሞ ብዙው እቃ ከገበያ ጠፋ፤ ጣሪያውም በወራት ውስጥ ከአብዛኛው ላይ ተነሳ።

በዚያ ሰልፍ ላይ ችግሩ የጋራ ነበርና ማነስ አያሳፍርም ነበር። ዛሬ ግን ሁሉም በሩን ዘግቶ ብቻውን ያፍራል።

ወደ መዲና እንሂድ። በ18ኛው ዓመተ ሂጅራ ከባድ ድርቅ መጣ፤ ዓሙ ረማዳ፣ የአመድ ዓመት ተባለ። ኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ) ከሻም እህል አስመጡ። ሕዝቡ እስኪጠግብም ቅቤና ሥጋ ላይቀምሱ ማሉ። አንድ ቀን ቅቤና ወተት ገበያ ወጣ፤ አገልጋያቸው በአርባ ድርሃም ገዛላቸው። ዑመር ግን ዋጋውን አበዛኸው፣ ሰደቃ አድርገው አሉት። ሕዝቡን የነካው ካልነካኝ ስለ እርሱ እንዴት ግድ ይለኛል አሉ።

ልብ በሉ! ዑመር ያፈሩት ትንሽ በመብላታቸው ሳይሆን ከሌላው የተሻለ ለመብላት ነው። እኛ ሀፍረቱን ገልብጠነዋል። ማፈር ያለበት እህል ደብቆ ዋጋ እስኪወጣ የሚጠብቅ ነጋዴ ነው፤ እንዲህ ያለውን ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) አጥፊ ብለውታል። ቤቱ ሽሮ ጎድሎበት እርሱ ውጭ ጥሬ ሥጋ በልቶና ጫት ቅሞ የሚገባ አባወራም ይፈር።

እህቴ፣ አንቺ ግን ወንጀል የለብሽም። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) አቡ ዘርን ወጥ ስትሠራ ውሃውን አብዛና ጎረቤትህን አስብ ብለው መክረውታል። መረቁ ይወፍር አላሉትም። ቆሎሽን አቅርቢና ጎረቤትሽን ጥሪ። ማን ያውቃል፣ እርሷም አንቺን ለመጥራት አፍራ ይሆናል።

አሏህ በሲሳያችን በረካ ያድርግልን።