ፓላዲን (የሚና ጨዋታ)

ፓላዲን በደንጀንስ ኤንድ ድራገንስና በመሰል የጠረጴዛ ሚና ጨዋታዎች ተጫዋቹ ሊመርጠው የሚችል ቅዱስ ተዋጊ ገጸ ባሕርይ ነው። ስያሜው የተወሰደው በመካከለኛው ዘመን የፈረንሳይ የጀግንነት ግጥሞች ከሚወሱት 12 የንጉሥ ሻርለማኝ ባላባቶች ነው።

ገጸ ባሕርዩ ወደ ጨዋታው የገባው እ.ኤ.አ. በ1975 ግሬይሆክ በተባለው ተጨማሪ መጽሐፍ ነው። እጁን ጭኖ ቁስል ይፈውሳል፤ ኃይሉ ግን ዋጋ ያስከፍላል። በ1978ቱ የተጫዋቾች መጽሐፍ መሠረት ፓላዲን ከ10 በላይ አስማታዊ ዕቃዎች መያዝ አይችልም፤ ከገቢው አሥራት ያወጣል፤ አውቆ ክፉ ሥራ ከሠራ ማዕረጉን ለዘለዓለም ያጣል። ክፉ ሥራ የቱ እንደሆነ የሚፈርደው ጨዋታ መሪው በመሆኑ ሕጉ ለጭቅጭቅ የተመቸ ነበር። ቅጣቱ የአንድ ተጫዋች ቢሆንም ጥሉ የጠረጴዛው ሁሉ ይሆናል።

በ2008 የወጣው 4ኛው እትም ፓላዲን የግድ ሕግ አክባሪና ደግ ይሁን የሚለውን ግዴታ አነሳ። የ2014ቱ 5ኛ እትም ደግሞ ምርጫውን ለተጫዋቹ ሰጠ። መሠረታዊ ችሎታዎች ለሁሉም አንድ ናቸው፤ 3ኛ ደረጃ ላይ ግን ተጫዋቹ መሐላ ይመርጣል። የታማኝነት መሐላ መሣሪያውን ይቀድስለታል፣ የጥንታውያን መሐላ ጠላትን በሐረግ ያስራል፣ የበቀል መሐላ በአንድ ጠላት ላይ ብልጫ ይሰጠዋል። ስለዚህ ገደቡ ከውጭ የተጫነ ሳይሆን ራሱ የገባው ቃል ነው።

በዚሁ እትም ተጫዋቹ የድግምት አቅሙን ለፈውስ ከመቆጠብ ይልቅ በሰይፍ ምት ላይ ሊያፈሰው ይችላል፤ አነስተኛው ተጨማሪ ጉዳት በሁለት ባለ 8 ገጽ ዳይሶች ይወሰናል። ይህ ምት እጅግ በመበርታቱ በ2024ቱ እትም በአንድ ተራ አንዴ ብቻ እንዲሆን ተደርጓል።