ዕጨጌ ዕንባቆም እና የህንዱ ልዑል

አባቴ ቄስ ናቸው። ልጆች ሳለን፣ አወቱ መንደራ በሚገኘው ቤታችን፣ በረካው ተጠጥቶ ረከቦቱ ከተነሣ በኋላ አንድ ምሳሌ ይነግሩን ነበር። አንድ ሰው ከዱር አውሬ ሲሸሽ ከጥልቅ ጉድጓድ አፋፍ ይደርስና ይወድቃል። በአወዳደቁ ላይ የዛፍ ቅርንጫፍ ያገኝና ይንጠለጠላል። ቁልቁል ቢመለከት ዘንዶ አፉን ከፍቶ ይጠብቀዋል። ወደ ዛፉ ሥር ቢመለከት አንድ ነጭና አንድ ጥቁር አይጥ ያለ ዕረፍት ሥሩን ይቆረጥማሉ። በዚህ ሁሉ መካከል ከቅጠሉ ላይ ማር ጠብ ሲል ያያል፤ ምላሱን ዘርግቶም ይልሰዋል። ያን ጊዜ አውሬውንም፣ ዘንዶውንም፣ አይጦቹንም ይረሳል።

«ነጩ አይጥ ቀን ነው፤ ጥቁሩ ሌሊት ነው» ይሉና፣ «ማሩስ?» ብለው ይጠይቁናል።

ሁልጊዜ ቀድሞ የሚመልሰው ታላቅ ወንድሜ ነበር። «ማሩ ይህ ዓለም ነው፣ አባዬ» ይላል። ዐሥራ ስምንት ዓመት በሞላው በዚያው ዓመት፣ አንድ ቀን ገና ሳይነጋ፣ ዳዊቱንና አንዲት ነጠላ ይዞ ከቤት ወጣ። ማንንም አልተሰናበተም። ገዳም መግባቱን የሰማነው ዓመት ቆይቶ ነው። እናቴ ጋቢውን አጥባ፣ አጥፋ፣ ከአልጋው ራስጌ አስቀመጠችው። እስከ ዛሬም እዚያው አለ።

አባቴ የነበሩበት ጭንቅ የገባኝ ግን ዘግይቶ ነው። ጥቅምት 14 ቀን የገብረ ክርስቶስ በዓል ነው። በሠርጉ ሌሊት ሙሽራይቱን ትቶ የመነነውን፣ በኋላም እንደ ለማኝ ሆኖ ተመልሶ በአባቱ ደጅ ሳይታወቅ የኖረውን የቁስጥንጥንያ ልዑል ታሪክ አባቴ በዐውደ ምሕረቱ ቆመው ያስተምራሉ፤ ምናኔን ያመሰግናሉ። ከዚያ ወደ ቤት ይመለሳሉ፤ እናቴም ምሳ ታቀርባለች፤ አንድም ቃል አይነጋገሩም። ልጃቸው ጥፋት ሠራ እንዳይሉ፣ ሲያስተምሩት የኖሩትን ነው ያደረገው። መልካም አደረገ እንዳይሉ፣ እናቴ ከፊታቸው ተቀምጣለች።

ያ የጉድጓዱ ምሳሌ ከወዴት እንደመጣ መፈለግ የጀመርኩት ወንድሜን የወሰደብንን ነገር ለማወቅ ነበር። ፍለጋው ካላሰብኩት ስፍራ አደረሰኝ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

* * *

ምሳሌው የሚገኘው በግእዝ «በራላም ወይዋስፍ» በተሰኘው መጽሐፍ ውስጥ ነው። ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ በህንድ አገር ክርስቲያኖችን የሚያሳድድ ንጉሥ ነበር። ወንድ ልጅ ሲወለድለት ከዋክብት ቆጣሪዎችን ሰበሰበ። አንዱ፣ ሕፃኑ ታላቅ የሚሆነው በአባቱ መንግሥት ሳይሆን በሌላ በሚበልጥ መንግሥት ነው አለ። ንጉሡ ደነገጠ። ልጁ ሕመምን፣ እርጅናንና ሞትን እንዳያይ በተዋበ ቤተ መንግሥት ዘግቶ አሳደገው። ልጁ ይዋስፍ ግን አድጎ ለመውጣት ፈቃድ ባገኘ ጊዜ በመንገድ ላይ በሽተኛ አየ፤ ዕውር አየ፤ ቀጥሎም ጥርሱ የረገፈ፣ ጀርባው የጎበጠ ሽማግሌ አየ። «ይህ ለሁሉም የሚደርስ ነውን?» ብሎ ጠየቀ። አዎን አሉት። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ አልወሰደውም። በዚህ ጊዜ በራላም የሚባል መነኩሴ፣ የከበረ ዕንቍ የሚሸጥ ነጋዴ መስሎ ገባና በምሳሌ እያስተማረ አጠመቀው። አባትየው በክርክር፣ በጥንቆላ፣ በሴቶች ውበትም ልጁን ለመመለስ ሞከረ፤ አልሆነለትም። የመንግሥቱን እኩሌታ ሰጠው፤ በመጨረሻም አባቱ ራሱ አመነ። ይዋስፍ አባቱን ከቀበረ በኋላ ዘውዱን ለሌላ ትቶ መምህሩን ፍለጋ ወደ በረሃ ወረደ።

የቡድሃን ታሪክ የሚያውቅ አንባቢ እዚህ ላይ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። በቤተ መንግሥት ተዘግቶ ያደገው፣ ሽማግሌ፣ በሽተኛና አስከሬን አይቶ የደነገጠው፣ ዙፋኑን ትቶ የመነነው ልዑል ሲድሃርታ ጎታማ ነውና።

ስሙ ራሱ ይመሰክራል። ቡድሃ ከመብራቱ በፊት በሳንስክሪት «ቦዲሳትቫ» ይባላል። ታሪኩ በፋርስ በኩል አልፎ ወደ ዐረብኛ ሲገባ ስሙ «ቡዳሳፍ» ሆነ። ከዚያ ወዲህ የሆነውን ያስረዱኝ በሰፈራችን ልጆችን ቁርዓን የሚያስቀሩ አንድ ሐጂ ናቸው። በወረቀት ላይ አንዲት አጭር ጥርስ መሰለች መስመር ሣሉ። «ከሥሯ አንድ ነጥብ ብታደርግ "ባ" ናት» አሉኝ፤ «ሁለት ነጥብ ብታደርግ "ያ" ትሆናለች።» አንድ ጸሐፊ አንዲት ነጥብ ጨመረና ቡዳሳፍ «ዩዳሳፍ» ተባለ። በጆርጂያ ቋንቋ «ዮዳሳፍ»፣ በግሪክ «ዮአሳፍ»፣ በላቲን «ጆሳፋት»፣ በእኛ «ይዋስፍ» ሆነ። የህንዱ ልዑል ወደ ክርስትና ስሙ የተሻገረው በነጥብ ድልድይ ነው።

ታሪኩን ክርስቲያናዊ መልክ የሰጡት ጆርጂያውያን ሲሆኑ፣ ወደ ግሪክ የመለሰው በ1028 ያረፈው የአቶስ ተራራ መነኩሴ ኤውቲምዮስ እንደሆነ የዘመናችን ሊቃውንት ይናገራሉ፤ ቀድሞ ግን የዮሐንስ ዘደማስቆ ድርሰት ነው ይባል ነበር። ላቲኑ በ1048 ተከተለ። የግሪክ ቤተ ክርስቲያንም የሮማ ቤተ ክርስቲያንም ይዋስፍን ከቅዱሳን ቆጥረው ዓመታዊ መታሰቢያ አደረጉለት። የሺዓው ሊቅ ኢብን ባባወይህ በ10ኛው መቶ ዘመን ታሪኩን በመጽሐፉ አስገባው። የባርሴሎናው አብርሃም ኢብን ሐስዳይ ደግሞ በ13ኛው መቶ ዘመን በዕብራይስጥ ጻፈው። የቡድሃ፣ የክርስቶስ፣ የመሐመድና የሙሴ ተከታዮች አንዱን ልጅ እየተቀባበሉ የየራሳቸው አድርገው አሳደጉት ማለት ነው። በ1612 ዲዮጎ ዶ ኩቶ የተባለ በህንድ የኖረ ፖርቱጋላዊ ታሪክ ጸሐፊ የሁለቱን መመሳሰል አስተውሎ ነበር፤ ግን ህንዶቹ ከክርስቲያኖቹ የወሰዱ መሰለው። እውነቱ የተገለጠው በ1859 እና በ1860 በአውሮፓ ሊቃውንት ብዕር ነው።

* * *

ወደ ግእዝ የመለሱት ዕጨጌ ዕንባቆም ናቸው። ትውልዳቸው ከየመን፣ የአባታቸውም ሃይማኖት እስልምና ነበር። ወደ ኢትዮጵያ መጥተው፣ በደብረ ሊባኖስ ተጠምቀው፣ መንኩሰው፣ ከአቡነ ተክለ ሃይማኖት ጀምሮ ሲቆጠር ዐሥራ አንደኛው የገዳሙ አበምኔት ለመሆን በቁ። አንድ የባሕር ማዶ ሰው ለዚያ ወንበር መብቃቱ ዛሬም ያስደንቃል። ሕይወታቸው ግን የተደላደለ አልነበረም። በአፄ ልብነ ድንግል ዘመን ተከስሰው ለግዞት መዳረጋቸው ተጽፏል። በ1530ዎቹ መጀመሪያ የኢማም አህመድ ኢብን ኢብራሂም ጦር ደብረ ሊባኖስን አቃጠለ። ዕንባቆም በስደት ሳሉ በ1540 «አንቀጸ አሚን» የተባለውን መጽሐፍ ጻፉ፤ ለኢማሙ የተላከ ነው፤ የሚከራከሩትም የልጅነታቸውን መጽሐፍ ቁርዓንን እየጠቀሱ ነው። ኢማሙ በ1543 በጦር ሜዳ ወደቁ። ከዐሥር ዓመት በኋላ በ1553፣ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ ዕጨጌው «በራላም ወይዋስፍን» ከዐረብኛ ወደ ግእዝ መለሱ። የግእዙን ንባብ ከእንግሊዝኛ ትርጉም ጋር እንግሊዛዊው ዋሊስ በጅ በ1923 አሳተመው።

አገር ከተቃጠለ በኋላ፣ ገዳም እንደገና በሚሠራበት ዘመን፣ አንድ አረጋዊ መነኩሴ ስለ ምን የህንድን ልዑል ታሪክ መረጡ? የምሰጠው መልስ የራሴ ግምት ነው። ታሪኩ በአባቱ ሃይማኖት ያልጸና፣ ነገር ግን አባቱን መውደድ ያላቆመ ልጅ ታሪክ ነው። ይዋስፍ ከአባቱ ጋር ይከራከራል እንጂ አይጠላውም፤ በመጨረሻም አባትየው ልጁ ከቆመበት ይደርሳል። ዕንባቆም የአባታቸውን ቤት በየመን ትተው የመጡ ሰው ናቸው። በአንቀጸ አሚንም ሆነ በይዋስፍ የሚሰማኝ አንድ ድምፅ ነው፦ ትቶት ከወጣው ቤት ጋር መነጋገር ያላቋረጠ ሰው ድምፅ።

ቡድሃን እያመሰገኑ እንደነበር አላወቁም። በእኛ ዘመን ቶማስ መርተን የተባለ አሜሪካዊ የካቶሊክ መነኩሴ የቡድሂስቶችን ጥበብ እያወቀ፣ ወድዶ ፈልጎ በ1968 ወደ እስያ ሄዶ፣ ከዳላይ ላማ ጋር ተወያይቶ፣ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር ባንኮክ አቅራቢያ አረፈ። ዕጨጌው ግን ከአራት መቶ ዓመት በፊት፣ በዚያው ልዑል ተማርከው ነበር።

* * *

በዚህ ሁሉ ጉዞ ውስጥ ግን ከታሪኩ የጎደለ ነገር አለ። ሲድሃርታ ሚስትና ልጅ ነበሩት። ሚስቱ ያሾዳራ፣ ልጁ ራሁላ ይባላሉ። የቡድሂስቶች ትውፊት እንደሚለው በሚወጣባት ሌሊት ወደ እልፍኙ ደጃፍ መጥቶ ቆመ። እናት እጇን በሕፃኑ ራስ ላይ አድርጋ ተኝታለች። ሕፃኑን ሊያነሣ ወደደ፤ እጇን ካነሣሁ ትነቃለች፣ ከነቃች መሄዴ ይቀራል ብሎ ሳያነሣው ሄደ። ይዋስፍ ግን ሚስትም ልጅም የለውም። ታሪኩ ክርስቲያን ሲሆን ልዑሉ ድንግል ሆነ፤ ከእልፍኙ ደጃፍ የሚቆምበት ምክንያትም ጠፋ።

የተረፈውን ደግሞ የቡድሂስቶች መጻሕፍት ያወሳሉ። ቡድሃ ከብዙ ዓመት በኋላ ወደ አባቱ ከተማ ተመለሰ። ያሾዳራ ልጇን «ያ አባትህ ነው፤ ሂድና ርስትህን ጠይቀው» ብላ ላከችው። ልጁ ተከትሎ ጠየቀ። ቡድሃ ግን ያለው ርስት ምናኔ ብቻ ነበርና ልጁን አስመነነው። ይህን ጊዜ ሽማግሌው ንጉሥ፣ የልጁ አያት፣ መጡና አቤት አሉ፦ አንተ ስትሄድ ተጎዳሁ፤ አሁን ደግሞ የልጅ ልጄ ሲሄድ ቁስሉ አጥንቴ ድረስ ዘለቀ፤ ከእንግዲህ ማንም ልጅ ያለ ወላጁ ፈቃድ አይመንን። ቡድሃም ልመናውን ተቀበለ። ሕግ ሆኖ ተጻፈ፤ እስከ ዛሬም በቡድሂስት ገዳማት ይሠራል።

ይህ ክፍል ወደ እኛ አልደረሰም። በዐረብኛው መንገድ የመጣው ክርስቲያናዊ ታሪክ አልያዘውምና፣ ዕንባቆም ቢሹም አያገኙትም ነበር።

* * *

የምሳሌውን መነሻ ለአባቴ ልንገራቸው ወይስ ልተው እያልኩ ብዙ አመነታሁ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ያስተማሩበትን ነገር ከባዕድ ሃይማኖት የመጣ ነው ማለት ድፍረት መሰለኝ። በመጨረሻ አንድ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ እናቴ ቡና እየቆላች ሳለ ነገርኳቸው።

የህንዱን ነገር በጸጥታ ሰሙ። «ማሩ ከየትም አበባ ይቀሰም፣ ማር ነው» አሉና ዝም አሉ። ስለ ራሁላ ስነግራቸው ግን መቋሚያቸውን ከጉልበታቸው ላይ አነሡ። ስለ ሽማግሌው ንጉሥ ልመና ስነግራቸው ደግሞ አስቆሙኝ።

«ድገመው እስኪ» አሉኝ።

ደገምኩት።

«ያለ ወላጁ ፈቃድ አይመንን፤ አለ?»

«አዎ፣ አባዬ።»

እናቴ ምጣዱን ከከሰሉ ላይ አወረደች። ከወንድሜ መሄድ ወዲህ ስለ እርሱ በሁለቱ ፊት ሲነገር አላየሁም ነበር፤ የዚያን ዕለት ግን እርሷ ናት የጀመረችው። «እኔ እኮ እንቢ አልለውም ነበር» አለች። «ስንቅ እቋጥርለት ነበር እንጂ።» አባቴ ምንም አልመለሱም። ተነሥተው ከአጠገቧ ባለችው ዱካ ላይ ተቀመጡ። አቦሉን፣ ቶናውን፣ በረካውንም እዚያው ሆነው ጠጡ።

የቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ለሁለቱም ስፍራ አለው። ዕጨጌው መነኩሴ ናቸው፤ የአጥቢያው ቄስ ግን ከመሾሙ አስቀድሞ ሚስት ያገባል። መናኙ ዓለምን ትቶ ይጸልያል፤ ቄሱ ደግሞ ከቅዳሴ ተመልሶ ልጁ የታመመበትን፣ ጤፍ ያለቀበትን ቤት ይገባል። ገድል የሚጻፍለት አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያው ነው።

በተከታዩ ጥቅምት 14 ቀን እኔም ከምእመናኑ መካከል ቆሜ ነበር። አባቴ የገብረ ክርስቶስን ታሪክ ሲጀምሩ እንደ ወትሮው ከሠርጉ ሌሊት አልጀመሩም። የጀመሩት ከማግስቱ ጠዋት፣ ልጇን ልትቀሰቅስ መጥታ አልጋውን ባዶ ካገኘችው እናት ነው። በሴቶች በኩል እናቴን ፈልጌ አየኋት። ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ሳበችው እንጂ፣ እንደ ሌሎቹ ዓመታት አንገቷን አልደፋችም።