የአድማ ዳፋና የሥራ አጥነት መድን

አሠሪና ሠራተኛ ሲካረሩ መንግሥት ገለልተኛ ይሁን ማለት ቀላል ነው። ሁለቱ ወገኖች በጋራ ያዋጡት ገንዘብ በመንግሥት እጅ ሲሆን ግን ነገሩ ይወሳሰባል። እ.ኤ.አ. በ1984 በምዕራብ ጀርመን የተነሣው የሥራ ክርክር ለዚህ ግልጽ ምሳሌ ነው።

በዚያ አገር የሥራ አጥነት መድን መዋጮ ከሠራተኛውና ከአሠሪው እኩል ይሰበሰባል። በ1969 የወጣው ሕግ ይህ ገንዘብ በሥራ ክርክር ውስጥ ጣልቃ እንዳይገባ ደንግጎ ነበር። በመሆኑም አድማ የመታም ሆነ አሠሪው ሥራ የዘጋበት ሠራተኛ ከመድኑ አበል አያገኝም።

የብረታ ብረት ሠራተኞች ማኅበር፣ ኢ ጌ ሜታል፣ የሳምንቱ ሥራ ከ40 ወደ 35 ሰዓት ዝቅ እንዲል ጠይቆ በሜይ 1984 በባደን ቩርተምበርግ፣ ቀጥሎም በሄሰን አድማ ጠራ። በመጀመሪያ ሥራ ያቆሙት የተመረጡ የመኪና ዕቃ አምራቾች ነበሩ። የተከተለው ነገር ለእኛ ለመሐንዲሶች እንግዳ አይደለም። መጋዘኑን አሳንሶ በየዕለቱ በሚደርሰው ዕቃ የሚሠራ ፋብሪካ ፒስተን ካጣ ሞተር አይገጥምም፤ ሞተር ካጣም መኪና አያወጣም። ስለዚህ አድማ ባልተጠራባቸው ክፍላተ ሀገር ጭምር ፋብሪካዎች ቆሙ። አሠሪዎች ዕቃ አለቀብን ሲሉ፣ ማኅበሩ ነገሩን ስውር የሥራ መዝጋት አለው።

የፌዴራሉ የሥራ መሥሪያ ቤት ፕሬዚዳንት ሃይንሪሽ ፍራንከ ለእነዚህ ሠራተኞች አበል እንዳይከፈል አዘዙ። ጥያቄው በየስፍራው አንድ በመሆኑ ድሉ ለእነሱም ይተርፋል የሚል ነበር ምክንያታቸው። የማኅበራዊ ጉዳይ ፍርድ ቤቶች ግን ትእዛዙን አገዱት፤ አበሉም ተከፈለ። አድማው በሽምግልና ተቋጭቶ፣ ከ1985 ጀምሮ የሥራው ሳምንት በአማካይ 38.5 ሰዓት ሆነ።

በ1986 ሕጉ ተሻሻለ። በዚያው የሥራ ዘርፍ፣ በሌላ ስፍራ ያለ ሠራተኛ፣ የማኅበሩ ጥያቄ በዓይነትና በመጠን ተመሳሳይ ከሆነና ውጤቱ ለእሱም እንደሚደርስ ከተገመተ አበሉን እንዲያጣ ተደረገ። የሕገ መንግሥቱ ፍርድ ቤት በ1995 ሕጉን አጸና፤ ሆኖም የማኅበራቱ የመደራደር አቅም ከሥር የሚዛባ ከሆነ ሕግ አውጪው ማረም እንዳለበት አሳሰበ።

እንግዲህ መክፈሉ ለማኅበሩ፣ መከልከሉም ለአሠሪው ክብደት ይጨምራል። ከሁለቱ አንዱን ገለልተኛነት ብሎ መሰየም ጥያቄውን አይፈታውም። አድማውን ያልጠራ፣ በሩንም ያልዘጋ፣ መዋጮውን ግን በየወሩ የከፈለ ሠራተኛ የዕለት እንጀራው ከየት ይምጣ? የትኛውም የመድን ሕግ መመዘን ያለበት ለዚህ ሰው በሚሰጠው መልስ ነው።