አንድ ዳቦና አምስት ሊትር ጠበል

ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ብርዱ ከሰቆጣ ተራሮች ሳይወርድብን አንድ ታሪክ ላውጋችሁ። ከዋግ ተነስቶ ግሸንን ሊሳለም የሚሄድ ሰው ላስታን ያቋርጣል፣ ከዚያም ዋድላን ያልፋል፣ ከዚያም ደላንታን፤ እግሩ ተላልጦ በመስቀል ቅርጽ ከተቀመጠችው አምባ ሥር ሲደርስ ግን ድካሙን ይረሳዋል።

ታሪኩ የሚነሳው ከሸዋ ነው። ሸበል አቦ በምትባል መንደር አበበች ጎበና የምትባል ልጅ ነበረች። አባቷ በጣልያን ጦርነት ሞቱ፣ አያቶቿ አሳደጓት፣ ከዚያም በ10 ዓመቷ ሳትጠየቅ ተዳረች። እንዲህ ያለውን ሰርግ እኛም እናውቀዋለን፤ ትናንት ከእንቦሳ ኋላ ስትሮጥ የነበረች ልጅ ዛሬ ተሸፋፍና በበቅሎ ስትወሰድ አይተናል፣ አይተንም እልል ብለናል። አበበች ግን ጠፍታ አዲስ አበባ ገባች፤ አደገች፣ ሥራ ያዘች፣ ጎጆም ወጣች።

ከዚያ በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ አሁን ወይዘሮ አበበች ናቸው፣ ግሸን ማርያምን ሊሳለሙ ወሎ መጡ። ዋግም ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ነበር፤ ረሃቡን ለእኛ ማንም አይነግረንም። በመንገድ ዳር ሰው ወድቆ አዩ። በእጃቸው የነበረው አንድ ዳቦና አምስት ሊትር ጠበል ነው፤ ዳቦውን አደሉ፣ ጠበሉን አጠጡ፣ አለቀ። ከዚያ ከሞተች እናት ጎን ሕፃን ልጅ አዩ፤ አይተው ማለፍ አልቻሉም። ሌላም ወላጅ የሞተበት ልጅ ጨምረው፣ ሁለት ልጆች ይዘው አዲስ አበባ ተመለሱ።

ዓመት ሳይሞላ ልጆቹ 21 ደረሱ። ቁጥሩን ልብ በሉት፤ የግሸን ማርያም ንግሥ መስከረም 21 ነው።

ቤተሰብ አበደች አለ፤ ወይ ልጆቹን ወይ ትዳርሽን ምረጪ ተባሉ። ልጆቹን ይዘው ወጡ፣ ከአንዲት ደሳሳ ጎጆ ገቡ፣ እንጀራ እየጋገሩ እየሸጡ አበሏቸው። ምጣዱ ሲግል፣ ጭሱ ዓይን ሲያቃጥል፣ የሊጡ ቡሃቃ ሳይሞላ ሲቀር፣ ይህን ያላየ ሰው 21 አፍ መመገብ ምን እንደሆነ አያውቅም። ከዚያች ጎጆ በስማቸው የሚጠራው የሕፃናት ክብካቤና ልማት ማኅበር ወጣ፤ ልጆች ፊደል ቆጠሩበት፣ እጃቸውን ሙያ አስለመዱበት፣ ችግረኛ ሴቶችም ተደገፉበት።

ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. በኮሮና አረፉ። ያቺ ከሰርግ ያመለጠች ልጅ፣ የሺዎች እናት ሆና።

ነፍስ ይማር በሉ፤ በረካው ይቀዳ።