ነፋስ ስልክ፤ የሰፈሩ ስምና የአየሩ ሕግ

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላሉ አባቶቻችን። የአንዳንዱን ቦታ ስም ግን ያወጣው መሣሪያ ነው። ከአዲስ አበባ መካከል ተነሥቶ በቄራና በጎፋ፥ ወይም በሳሪስ በኩል ወደ ደቡብ የሚወርድ ሰው ዛሬ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ከሚባለው ይደርሳል። የታክሲው ረዳት በመስኮት ብቅ ብሎ «ነፋስ ስልክ! ነፋስ ስልክ!» እያለ በቀን ብዙ ጊዜ ይጣራል፤ ተሳፋሪውም ይወጣል፥ ይወርዳል። ነገር ግን «ነፋስን ከስልክ ጋር ምን አገናኘው?» ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። እኛም በዚሁ ሰፈር ተወልደን፥ በዚሁ አድገን፥ ይህን ጥያቄ ለራሳችን ያቀረብነው የመንግሥት ሥራ ከያዝን በኋላ መሆኑን ስንናገር ጥቂት እናፍራለን።

ላፍቶ በኦሮምኛ ግራር ማለት ነው፤ እንግዲህ ይህኛው ስም ከምድሪቱ የበቀለ ነው። ነፋስ ስልክ የሚለው ግን ከጥበብ ጋር የመጣ ነው። ለቀደሙት ሰዎች ስልክ ማለት ሽቦ ነበር። በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን ከአዲስ አበባ እስከ ሐረር ምሰሶ ተተክሎ ሽቦ በተዘረጋ ጊዜ፥ ሰው ነገሩን በዓይኑ አይቶ ማመን ይችል ነበር፤ ድምፁ የሚሄድበት መንገድ ይታያልና። በኋላ ግን ሽቦ በሌለበት፥ ከማማ ላይ ብቻ፥ መልእክት ባሕር ተሻግሮ ይሄዳል በተባለ ጊዜ፥ «ተሸካሚው ነፋስ ካልሆነ ማን ይሆናል?» ብሎ የነፋስ ስልክ አለው። በሳይንስ ሚዛን ቢመዘን የራዲዮን ሞገድ የሚሸከመው ነፋስ አይደለም፤ ሞገዱ አየር በሌለበት ጠፈርም ይጓዛልና። ይሁን እንጂ ሕዝቡ ያወጣው ስም አንድ እውነት ይዟል። ሽቦ ባለቤት አለው፤ ነፋስ ግን የሁሉ ነው። የሁሉ የሆነ ነገር ደግሞ ሥርዐት ካልተበጀለት ለማንም አይሆንም። ለዛሬ ልንጽፍ ያሰብነው ስለዚሁ ሥርዐት ነው። የውጭውን ዓለም ዘመን እንደ አውሮፓ፥ የሀገራችንን እንደ ራሳችን አቆጣጠር እናስቀምጣለን።

ጣሊያናዊው ማርኮኒ በ1901 የራዲዮን ምልክት አትላንቲክ ውቅያኖስን ካሻገረ በኋላ፥ መርከቦች ሁሉ ይህን መሣሪያ ለመያዝ ተሽቀዳደሙ። የዚያን ጊዜ መላኪያ የሚሠራው በእሳት ብልጭታ ነበር። ብልጭታ ደግሞ ሞገዱን በአንድ ጠባብ መንገድ አይልክም፤ በሰፊው ይበትነዋል። ስለዚህ አንዱ ሲናገር የሌላው ጆሮ ይደነቁራል፤ ነገሩ ሁሉም በአንድ ጊዜ እንደሚጮኽበት ገበያ ሆነ። በ1906 የ29 መንግሥታት መልእክተኞች በበርሊን ተሰብስበው የመጀመሪያውን የራዲዮ ቴሌግራፍ ውል ተፈራረሙ። ይሁን እንጂ ውል ከመፈረም እስከ መፈጸም ሩቅ ነው።

በ1912 ሚያዝያ ወር ላይ ታይታኒክ የተባለችው መርከብ ከበረዶ ተራራ ጋር ከመጋጨቷ ጥቂት ቀደም ብሎ፥ ካሊፎርኒያን በምትባል መርከብ ላይ የነበረው የራዲዮ ሠራተኛ በበረዶ ተከበው መቆማቸውን ለታይታኒክ ሊነግር ሞከረ። መርከቧ ቅርብ ስለ ነበረች ድምፁ እጅግ በርትቶ ገባ። የታይታኒክ ሠራተኛ በዚያን ሰዓት የመንገደኞችን መልእክት ወደ የብስ ጣቢያ ያስተላልፍ ነበርና፥ ሥራውን ስላወከበት ዝም እንዲል ነገረው። ያኛውም መሣሪያውን ዘግቶ ተኛ። ታይታኒክ የድረሱልኝ ጥሪ ባሰማች ጊዜ የቅርቡ ጆሮ ተዘግቶ ነበር፤ ከ1,500 በላይ የሆነ ሕዝብም ሰጠመ። ከዚህ መከራ ጥቂት ወራት በኋላ በለንደን የተደረገው ጉባኤ የመርከቦችን ራዲዮ አጠባበቅ አጠበቀ። የ1927ቱ የዋሺንግተን ጉባኤም ለልዩ ልዩ አገልግሎት ልዩ ልዩ የሞገድ ክፍል መደበ። በ1932 በማድሪድ የቴሌግራፉና የራዲዮው ውል ተጣምሮ ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ተመሠረተ፤ ኢትዮጵያም በዚያው ዓመት አባል ሆነች።

አንባቢ ሆይ፥ ይህን ነገር ልብ ማለት ይገባል። ሀገራችን የአየሩ ማኅበር አባል በሆነችበት ወራት፥ ወደ አቃቂ በሚወስደው መንገድ አንሳልዶ የተባለ የጣሊያን ኩባንያ የራዲዮ ጣቢያ ይሠራላት ነበር። ጣቢያው በ1927 ዓ.ም. ተመረቀ፤ የመላኪያው ኀይልም 1 ኪሎ ዋት ነበር። ዓመት ሳይሞላ ጣሊያን ራሱ ወራሪ ሆኖ መጣ። ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጣሊያን እጅ በተሠራ መሣሪያ የጣሊያንን ግፍ ለዓለም አሰሙ፤ አቤቱታቸውም እስከ አሜሪካ ተሰማ። ከዘመናችን መሣሪያ ጋር ሲነጻጸር ያ ኀይል የሻማ ያህል ነው። ሻማ የሚያበራው ግን ሌላው ነፋስ ካላጠፋው ነው፤ የደካማ ድምፅም የሚሰማው ሌሎች በመንገዱ ላይ ካልጮኹበት ነው። የአየሩ ውል ለትንሽ መንግሥት ከትልቁ ይልቅ የሚጠቅመው ስለዚህ ነው። በእርግጥ ዓለም ሰምቶ አልረዳንም፤ ያ የመንግሥታት ማኅበር ዕዳ ነው። ያልተሰማ አቤቱታ ግን ባለዕዳ እንኳ አይኖረውም።

ጠላት ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ፥ ጣቢያው ለጥቅሙ እንዳይውል አስቀድሞ በወገን እጅ እንዲፈርስ መደረጉ በራዲዮ ታሪካችን ይተረካል። ጣሊያኖችም በኋላ መልሰው ሠርተው ተጠቀሙበት። ከነፃነት በኋላ ራዲዮ እንደገና የሀገር ድምፅ ሆነ፤ ሰፈሩም ስሙን እንደ ያዘ ቀረ።

እስካሁን የተናገርነው ጣቢያ ከጣቢያ ጋር ስለሚጋጨው ነገር ነው። ሁለተኛው የመጠላለፍ ዓይነት ግን ይበልጥ የተሰወረ ነው፤ ምክንያቱም ምንም ነገር ለመናገር ካላሰበ መሣሪያ ይወጣል። ኤሌክትሪክ በፍጥነት በሚቋረጥበትና በሚቀጠልበት ቦታ ሁሉ የራዲዮ ሞገድ ይወለዳል። የሞተር ብልጭታ፥ የብየዳ እሳት፥ የርካሽ አምፖል ማብሪያ፥ የስልክ ቻርጀር ሁሉ ሳያስቡት ትናንሽ የራዲዮ ጣቢያዎች ናቸው። ይህን ተገንዝበው በ1934 ሊቃውንት በፓሪስ ተሰብስበው የራዲዮን መጠላለፍ የሚያጠና፥ ሲስፕር በሚል አኅጽሮት የሚታወቅ ዓለም አቀፍ ልዩ ኮሚቴ አቋቋሙ። መለኪያውንና ወሰኑን እስከ ዛሬ የሚያወጣው እርሱ ነው። የቤት ኮምፒዩተር መስፋፋት በጀመረ ጊዜ፥ የጎረቤትን ቴሌቪዥን ያውክ ስለ ነበር፥ በ1979 የአሜሪካ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ለኮምፒዩተር መሣሪያዎች ደንብ አወጣ። የአውሮፓ ማኅበረሰብም በ1989 ተመሳሳይ መመሪያ አውጥቶ ከ1996 ጀምሮ ግዴታ አደረገው። በመሣሪያ ጀርባ ላይ የምናየው ኤፍ ሲ ሲ እና ሲ ኢ የሚል ምልክት ከእነዚህ ደንቦች ጋር የተያያዘ ነው።

የአሜሪካው ደንብ በሁለት ቃል ይጠቃለላል። መሣሪያው ሌላውን የሚጎዳ መጠላለፍ አያድርስ፤ ከሌላው የሚመጣበትንም ይታገሥ። አባቶቻችን ስለ ጉርብትና ሲመክሩ ከዚህ የተለየ ነገር አልተናገሩም። ደንቡን መፈጸም ለሠሪው የሚከብድ ጥበብ አይደለም። ሞገዱን የሚያስቀር ማጣሪያ ማስገባት፥ በብረት ሽፋን መከለል፥ ከመሬት ጋር በሚገባ ማያያዝ፥ ከዚያም በቤተ ሙከራ አስለክቶ ማስመስከር ነው። ችግሩ ማጣሪያው ገንዘብ ያስወጣል፤ ቢቀርም መሣሪያው መሥራቱን አይተውም። አምፖሉ ይበራል፥ ስልኩም ይሞላል። ጉዳቱ የሚታየው በገዢው ቤት ሳይሆን በጎረቤቱ ቤት ነው። ስለዚህም ገበያ ብቻውን ሊያርመው አይችልም፤ ሕግ ያስፈልጋል።

በሀገራችን ሕጉ በየዘመኑ ባለቤት ተሰጥቶታል። በ1945 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ በአዋጅ ቁጥር 131 ተቋቋመ። በ1989 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 49 የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኤጀንሲ ተመሠረተ። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1148 የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ተቋቁሞ፥ ሞገድን ማስተዳደርና የመገናኛ መሣሪያን ዓይነት መርምሮ ማጽደቅ ተግባሩ ሆነ። በ2013 ዓ.ም. ሁለተኛ የስልክ ኩባንያ ፈቃድ በማግኘቱ፥ ያን ጊዜ ያንድ ድርጅት የነበረው አየር ድንበር የሚያስፈልገው የጋራ እርሻ ሆነ።

ነገር ግን ሕግ ከመጻፉ በፊት በሰው ልብ ውስጥ እንዳለ የተማርነው በሰፈራችን ነው። በ1991 ዓ.ም. ፊደል የምንቆጥር ልጆች ሳለን፥ አንድ ጎረቤታችን የነበሩ አዛውንት ልጃቸው ባድመ ግንባር ነበረ። በየማታው አሮጌ ራዲዮናቸውን በጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው የጦርነቱን ዜና ይጠብቃሉ። ከአጥሩ ወዲያ ያለው በያጅ ግን ሥራው የሚደራው በዚያው ሰዓት ነበር። ብየዳው ሲነሣ ራዲዮው ጥዝዝ ይልና የዜና አንባቢው ቃል ይዋጣል። አዛውንቱ ጆሯቸውን ከራዲዮው ላይ ለጥፈው «ምን አለ? ልጆች፥ ምን አለ?» እያሉ ይጠይቁን ነበር፤ እኛም አንሰማም። አንድ ማታ በትራቸውን ይዘው ወጡ፤ ጠብ እናያለን ብለን ተከተልናቸው። «ልጄ፥ እንጀራህን አላጠፋብህም» አሉት፤ «ዜናው እስኪያልቅ ብቻ ዝም በልልኝ፤ ያለኝ አንድ ልጅ እዚያ ነው።» በያጁ መነጽሩን አውልቆ ቆመ። «አባባ፥ የእኔ እሳት እርስዎ ቤት የሚገባ አልመሰለኝም ነበር» አላቸው። ከዚያች ሌሊት ጀምሮ የዜናው ሰዓት ሲደርስ ማሽኑን ያጠፋ ነበር። ጦርነቱ አልቆ ልጁ በደኅና ከተመለሰ በኋላ እንኳ፥ በያጁ በዚያ ሰዓት እጁን ማሳረፉን አልተወም።

«የእኔ እሳት እርስዎ ቤት የሚገባ አልመሰለኝም ነበር» የሚለውን ቃል እኛ እስከ ዛሬ አልረሳነውም፤ የመጠላለፍ ታሪክ ሁሉ በእርሱ ውስጥ አለና። ዛሬ የስልክ ምልክት ደከመብኝ ብሎ ያልጸደቀ ማጉያ በጣራው ላይ የሚሰቅል ሰው፥ የአካባቢውን ሁሉ መስመር እንደሚያውክ አይመስለውም። የኤፍ ኤም ራዲዮ ክፍል 108 ሜጋ ኸርዝ ላይ ሲያበቃ፥ ከዚያው ጀምሮ እስከ 112 ድረስ ያለው አውሮፕላን በደመና ውስጥ የማረፊያ መንገዱን የሚፈልግበት ክፍል ነው። ከቦሌ ማረፊያ ብዙ በማይርቀው በሰፈራችን ሰማይ ላይ መንገደኛ የጫነ አውሮፕላን ዝቅ ብሎ ሲያልፍ የምናይ ሰዎች፥ ድንበሩ ምን ያህል ቀጭን እንደ ሆነ ልንዘነጋ አይገባንም።

ስለዚህ ነጋዴው ዕቃ ሲያስመጣ የመሣሪያው ዓይነት የጸደቀ መሆኑን ይጠይቅ፤ ሸማቹም ርካሹን ሲያነሣ ጎረቤቱን ያስብ። እኛም በመንግሥት ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ደንቡን ለሕዝቡ በሚገባው ቋንቋ እናስረዳ፤ ያልተረዱትን ሕግ አክብሩ ማለት ለደንቆሮ ደወል እንደ መምታት ነውና። በዚህ ሰፈር ከተተከለ ማማ አንድ ጊዜ የሀገር አቤቱታ ወጥቷል። ማማው ቢፈርስም ስሙ በየቀኑ በታክሲ ረዳት አፍ ይጠራል። ስሙን የሰማ ሁሉ፥ ነፋሱ የእርሱ ብቻ አለመሆኑን ቢያስታውስ፥ ስሙ በከንቱ አልወጣም እንላለን።