መነጽር የማይፈታው ዓይን፦ የዓይን ባለሙያ ተከታታይ ትምህርትና የሪፈር ጉዳይ በመካነ ሰላምና በዙሪያዋ



ከደሴ ተነስቶ በአቀስታ በኩል መካነ ሰላም ለሚደርስ መንገደኛ ርቀቱ ወደ 180 ኪሎ ሜትር ነው። ከከተማዋ ውጭ ደግሞ በቦረና፣ በወግዲ፣ በከለላና በሳይንት ከመኪና መንገድ የራቁ ብዙ ቀበሌዎች አሉ። ለዚህ ደጋ ሕዝብ የዓይን ቀዶ ሕክምና ሲባል ቶሎ የሚነሳው ስም ደሴ አጠገብ ያለው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ነው። ቦሩ ሜዳ ለወሎ ሙስሊም የ1870 ዓ.ም. ጉባኤንና ተከትሎ የመጣውን መከራ የሚያስታውስ ስም ነው፤ ዛሬ ግን ብዙ እናትና አባቶቻችን የሚያውቁት ብርሃናቸውን ፍለጋ የሄዱበት ቦታ ሆኖ ነው።

ይህን ያህል መንገድ መሄድ ያለበት ማን ነው? መቼስ መሄድ አለበት? ይህን ብዙ ጊዜ የሚወስነው በሽተኛውን መጀመሪያ ያየው ባለሙያ ነው። ኦፕቶሜትሪስት የማየት አቅምን ይለካል፣ መነጽር ያዛል፣ የዓይን በሽታን መርምሮ ይለያል። ቀዶ ሕክምና ግን የእሱ ሥራ አይደለም። በአገራችን ሙያው በዲግሪ መሰጠት የጀመረው በጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ1990ዎቹ መጨረሻ ነውና ገና ወጣት ሙያ ነው። ሕዝቡም ባለሙያውን በአብዛኛው «መነጽር ሰጪ» አድርጎ ነው የሚያየው።

ቁጥሩ ግን ሌላ ነገር ይናገራል። በ1998 ዓ.ም. በተካሄደው ብሔራዊ የዓይነ ስውርነት ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር ሆኖ ተገኝቷል። ከምክንያቶቹ ውስጥ የዓይን ሞራ ግርዶሽ ግማሽ ያህሉን (49.9 በመቶ) ይይዛል፤ ትራኮማ ያስከተለው የዓይን ብሌን ጠባሳ 11.5፣ ግላኮማ ደግሞ 5.2 በመቶ ነው። በመነጽር ሊስተካከል የሚችለው 7.8 በመቶ ብቻ ነበር። ስለዚህ ብርሃኑን ካጣው ሰው አብዛኛው ከባለሙያው የሚፈልገው መነጽር ሳይሆን በሽታውን ለይቶ በጊዜ ወደሚድንበት ቦታ መላክን ነው። ባለሙያው ከተመረቀ በኋላ የሚወስደው ትምህርትም በዚህ ላይ ማተኮር አለበት ብለን እናምናለን።

ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ (በባለሙያዎች አጠራር ሲፒዲ) በአገራችን በምርጫ የሚወሰድ ነገር አይደለም። የጤና ሚኒስቴር ባወጣው መመሪያ መሠረት የጤና ባለሙያ የሥራ ፈቃዱን ለማሳደስ በየዓመቱ ቢያንስ 30 የትምህርት ነጥብ መያዝ ይጠበቅበታል፤ ነጥቡ የሚቆጠረውም ስልጠናው እውቅና ባለው ተቋም ሲሰጥ ነው። ችግሩ ነጥብ መሰብሰብ ብቻውን ግብ ሲሆን ነው። ለፈቃድ ተብሎ ከሥራው ጋር በማይገናኝ ርዕስ ላይ ሁለት ቀን ተቀምጦ የመጣ ባለሙያ፣ ሰኞ ጠዋት ዓይኗ ቀልቶ ለምትመጣው እናት የሚጨምረው ነገር የለም።

ታዲያ ምን ይማር? መጀመሪያ ግላኮማን። አብዛኛው ግላኮማ ሕመም የለውም፤ የጎን እይታን ቀስ በቀስ ይወስዳል፤ የጠፋውም አይመለስም። ሰውየው ወደ ክሊኒክ የሚመጣው «ለቁርኣን መቅሪያ መነጽር ስጡኝ» ብሎ ሊሆን ይችላል። መነጽር ሰጥቶ ከመሸኘት በፊት የዓይን ግፊቱን መለካት፣ የዓይን ነርቩንም ማየት ያስፈልጋል። እዚህ ላይ አዘውትሮ የሚረሳ ነገር አለ፦ ግፊቱ ከተለመደው 21 በታች ሆኖም ነርቩ ሊጎዳ ይችላል፤ ቁጥሩን ብቻ አይቶ «ደህና ነህ» ማለት አይበቃም። በሌላ በኩል በድንገት የሚመጣ ግላኮማ አለ። ዓይን ይቀላል፣ ከባድ ራስ ምታት ይኖራል፣ በሽተኛው ያስመልሰዋል፣ በመብራት ዙሪያ ቀለበት ያያል። ማስመለሱ ስላለ የጨጓራ መድኃኒት ተሰጥቶት ወደ ቤቱ ሊላክ ይችላል፤ ለዚህ ዓይን ግን የሰዓታት መዘግየት እንኳ ብዙ ነው።

ሁለተኛው የቀላ ዓይን ነው። በአጨዳና በውቂያ ሰሞን ገለባ ወይም እሾህ የመታው ዓይን ቆስሎ ሊመረቅዝ ይችላል። በብሌኑ ላይ ነጭ ነጥብ የታየበት፣ ብርሃን የሚፈራና የሚያም ዓይን በዚያው ቀን መላክ አለበት። ለእንዲህ ያለ ቁስል ስቴሮይድ ያለበት ጠብታ መስጠት እሳት ላይ ጋዝ እንደመጨመር ነው። ይኸው ጠብታ ዓይናቸውን ለሚያሳክካቸው ልጆች ከመድኃኒት ቤት ያለ ማዘዣ እየተገዛ ለወራት ሲጨመር እናያለን። ማሳከኩ ይጠፋል፣ ቤተሰቡ ይደሰታል፤ በውስጥ ግን ግፊቱ ከፍ ብሎ የልጁን ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። የቅጠል ጭማቂ ዓይን ውስጥ መጨመርም እንዲሁ መተው ያለበት ነው።

ሕፃንን በተመለከተ አንድ ነገር ወላጅ ሁሉ ይወቅ፦ የልጅ ዓይን መሐል ላይ ነጭ ሆኖ ከታየ «ሲያድግ ይለቀዋል» አይባልም። የሞራ ግርዶሽ ወይም ሕይወትን የሚያሰጋ የዓይን ካንሰር ሊሆን ይችላል። የስኳር ሕመምተኛም እይታው ደህና ቢሆንም በዓመት አንድ ጊዜ ሬቲናው መታየት አለበት። በድንገት ብልጭታ ያየ፣ ጥቁር ነጠብጣብ የበዛበት ወይም መጋረጃ የወረደበት የመሰለው ሰው ደግሞ ለገበያ ቀን አይጠብቅ።

ትራኮማን ለብቻው ማንሳት የፈለግነው የአማራ ክልል በዓለም ላይ በሽታው እጅግ ከጸናባቸው አካባቢዎች አንዱ ስለሆነ ነው። «እኛ በቀን አምስት ጊዜ ውዱእ እናደርጋለን፣ ትራኮማ አይነካንም» የሚል አነጋገር እንሰማለን። ውዱእ ፊትን ያጸዳል፣ አልሐምዱሊላህ። ነገር ግን በሽታው በብዛት የሚተላለፈው ገና ሶላት ባልደረሰባቸው ትንንሽ ልጆች መካከል ነው፤ ዓይናቸው ላይ ዝንብ የሚያርፈው እነሱ ናቸው። ስለዚህ አባት ለፈጅር ሲነሳ የቀዳው ውሃ ለልጁም ፊት ይትረፍ። የዓይን ሽፋሽፍታቸው ወደ ውስጥ ተቀልብሶ ብሌናቸውን የሚወጋቸው እናቶች ፀጉሩን በወረንጦ እየነቀሉ ዓመታት ያሳልፋሉ፤ ይህ አጭር ቀዶ ሕክምና ያለው ችግር ነውና ባለሙያው ሲያገኛቸው መላክ አለበት።

መላክ ስንል ወረቀት መስጠት ብቻ ማለታችን አይደለም። «ለተሻለ ሕክምና» ተብሎ የተጻፈ ሪፈር ለተቀባዩ ሐኪም ምንም አይነግረውም። የእያንዳንዱ ዓይን እይታ፣ ግፊቱ፣ የተጠረጠረው በሽታ፣ የተሰጠው መድኃኒት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ «ዛሬውኑ» ወይም «በሳምንት ውስጥ» ወይም «በቀጠሮ» የሚለው ይጻፍ። የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን አባል የሆነ ገበሬ ያለ ሪፈር ወረቀት ከሄደ ወጪው ከኪሱ ሊሆን ስለሚችል ወረቀቱ ገንዘብም ነው። ባለፉት ዓመታት በጸጥታ ችግር መንገድ ሲዘጋም አይተናል። ያን ጊዜ በስልክ ከሐኪም ጋር ተማክሮ መጀመሪያ የሚሰጠውን መድኃኒት ማወቅ ራሱ ትምህርት ይፈልጋል። የጀመዓው ድርሻም እዚህ ላይ ነው፤ ብዙ አረጋውያን ቀዶ ሕክምናውን ሳይሆን የመጓጓዣና የአስታማሚ ወጪ ፈርተው ነው የሚቀሩት። ሰበብ ማድረስ ከተወኩል ጋር አይጋጭም።

ከመካነ ሰላም ሳይወጡ መማርም ይቻላል። ኦርቢስ የተባለው ድርጅት ሳይበርሳይት በሚለው የበይነ መረብ አገልግሎቱ ስለ ዓይን በሽታ ነፃ ትምህርት ይሰጣል፤ አስቸጋሪ በሽታ የገጠመው ባለሙያም የበሽተኛውን ምስል ልኮ ልዩ ሐኪም ማማከር ይችላል። ለፈቃድ ማሳደሻ ይቆጠር እንደሆነ ግን አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። ርካሹና በብዛት የሚዘነጋው ትምህርት ደግሞ የሪፈር መልስ ነው። የላኩት በሽተኛ ምን ሆኖ እንደተገኘ በጽሑፍ ወይም በስልክ የሚሰማ ባለሙያ ግምቱን እያረመ ይሄዳል። የሚቀበሉ ሆስፒታሎች መልስ ቢልኩ፣ የሚልኩትም ደውለው ቢጠይቁ መልካም ነው።

በረመዷን ጊዜ ባለሙያው ማወቅ ያለበት አንድ ነገር አለ። የግላኮማ ሕመምተኞች ጾም ያፈርሳል ብለው ቀን ላይ ጠብታቸውን ይተዋሉ። ዓለም አቀፉ የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚ በ1418 ሒጅራ (1997 እ.ኤ.አ.) ጅዳ ላይ ባደረገው 10ኛ ጉባኤው የዓይን ጠብታ ጾምን ከማያፈርሱ ነገሮች ውስጥ ቆጥሮታል፤ ወደ ጉሮሮ የወረደውን አለመዋጥ ግን ያስፈልጋል። ልቡ ያልረጋ ሰው የአካባቢውን ዓሊም ይጠይቅ፤ ባለሙያውም አንድ ጊዜ የሚጨመር ጠብታ ከሆነ ሰዓቱን ከመግሪብ በኋላ ሊያደርግለት ይችላል። ጠብታው በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ ከሆነ ደግሞ ጨምሮ የዓይኑን የአፍንጫ በኩል ጥግ በጣት ለሁለት ደቂቃ ያህል መጫን ወደ ጉሮሮ የሚወርደውን ይቀንሳል።